የሰርቪስ ቤታችንን ወለል ከእርጥበት ለገላገሉን የጅማ ግንበኛ የቀረበ ምስጋናና ጥቆማ

ይህን ጽሑፍ የምጽፈው እዚሁ ጅማ ከተማ ለሚኖሩ አንድ አንጋፋ ግንበኛ የሚገባቸውን ምስጋና በአደባባይ ለማቅረብ፣ እንዲሁም እንደ እኛ በእርጥብና በተጎረባበጠ ወለል የምትቸገሩ ወገኖቼ ሁሉ ገንዘባችሁን በየአቅጣጫው ከመበተናችሁ በፊት እሳቸውን እንድታማክሩ ለመጠቆም ነው። ክረምቱ እስኪያልፍ ድረስ ሆን ብዬ ቆይቻለሁ፤ በበጋ ተሠርቶ በበጋ የተመሰገነ ወለል ሐምሌ ላይ ምን እንደሚሆን ከዚህ ቀደም አይተናልና። አሁን ክረምቱ ወጥቷል፤ ወለሉም ደረቅ ነው፤ ስለዚህ እግዚአብሔር ይስጥልን ማለት ይገባናል።

ቤታችን ከአዌቱ ወንዝ ብዙም በማይርቅ፣ ዝቅ ባለ ሰፈር ውስጥ ይገኛል። ከዋናው ቤት ጀርባ አባቴ በሕይወት ሳለ ያሠራው ባለ ሁለት ክፍል ሰርቪስ ቤት አለን፤ አንደኛው ክፍል ከጎማ ወረዳ የሚመጣልን ቡናና የዓመቱ እህል የሚቀመጥበት ሲሆን፣ ሁለተኛው እናቴ እንጀራ የምትጋግርበት፣ ቡና የምትቆላበት፣ ጎረቤቶቿን የምትቀበልበት፣ በአጭሩ ቀኗን ሙሉ የምትውልበት ነው። ወለሉ ሲሚንቶ ይሁን እንጂ መሃሉ ሰርጎ፣ ጠርዙ ተነሥቶ፣ ከበሩ እስከ ምድጃው ለመድረስ ዓይንን ከእግር ላይ ሳይነቅሉ መራመድን ይጠይቅ ነበር። ጅማ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ የምታገኝ ከተማ እንደ መሆኗ፣ ዝናቡ ሲጠነክር ወለሉ ማላብ ይጀምራል፤ የጤፉ ጆንያ ሥሩ ይጠቁራል፤ ግድግዳው እስከ ጉልበት ድረስ ሻጋታ ያወጣል። መቼም ሁላችንም እንደ አባ ጅፋር ጅሬን ኮረብታ ላይ ቤት መሥራት አንችልም።

በተለይ የቡናው ነገር ያንገበግበኛል። ቡና በደንብ ደርቆ፣ እርጥበቱ 12 በመቶ ገደማ ሆኖ ቢገባ እንኳ፣ እርጥብ ክፍል ውስጥ ከሰነበተ እርጥበቱን መልሶ ይጠጣል፤ ሻጋታም ሆነ መጥፎ ሽታ ለመያዝ ጊዜ አይፈጅበትም። በርብራብ ላይ ብናስቀምጠውም አልዳነም። በአንድ ወቅት ሊገዛን የመጣ ነጋዴ እጁን ጆንያው ውስጥ ሰድዶ ከሥር አንድ እፍኝ ዘገነ፤ ወደ አፍንጫው አስጠግቶ አሸተተው፤ ከዚያም ምንም ሳይናገር ቀስ አድርጎ ወደ ጆንያው መለሰውና እጁን በሱሪው ጠረገ። ዋጋ እንኳ አልጠራም። በሰፈሩ ሁሉ በቡናዋ የምትታወቀው እናቴ ያን ቀን ቡና አላፈላችም።

ከእሳቸው በፊት የመጡትን ሠራተኞች በስምም ሆነ በድርጅት አልጠቅስም፤ የማንንም እንጀራ መዝጋት አልፈልግም። ይሁን እንጂ ያየነውን ሳልናገር ባልፍ የምስጋናዬ ክብደት አይታወቅም። አንዱ በሩ ላይ ቆሞ፣ ወደ ውስጥ እንኳ ሳይገባ፣ «ይሄማ ቀላል ነው፤ ከላይ ሊሾ እናለብሰዋለን» አለንና አለበሰው። ሥራው ለዓይን ያምር ነበር። ክረምቱ ሳይጋመስ ግን መሰንጠቅ ጀመረ፤ በዱላ ሲመታ ከሥሩ ባዶ መሆኑ በድምፁ ይታወቅ ነበር፤ ጥቂት ቆይቶም ቁርጥራጩ እየተላቀቀ በመጥረጊያ ይወጣ ጀመር። ስንደውልለት ጥፋቱ የሲሚንቶው እንደሆነ ነገረን፤ ሲሚንቶውን መርጦ የገዛው ግን ራሱ ነበር።

ሌላው ደግሞ በባልዲ የታሸገ ቀለም ይዞ መጣና፣ ይህ ከተቀባ አንዲት ጠብታ እንደማታልፍ ምሎ ተገዝቶ አሳመነን። ለዚያ ቀለም የወጣው ገንዘብ የሁለቱንም ክፍሎች በር በብረት በር ሊያስቀይር ይችል ነበር። ሐምሌ ላይ ቀለሙ በየቦታው ተነፋፋ፤ እብጠቱ ሲረገጥ እየፈነዳ ከሥሩ ውሃ ይወጣ ነበር። ቀብድ ተቀብሎ «ነገ ጠዋት ከነልጆቼ እገባለሁ» ብሎን የሄደ፣ ከዚያ ወዲህም ስልኩ የማይሠራ ሰው አለ፤ ስለ እሱ ብዙ ማለት አያስፈልግም። ከሁሉ ይልቅ ያበሳጨኝ ግን ጥሩ ቢሮና ጥሩ ማኅተም ያለው አካል ነው፤ የላካቸው ሰዎች ቡና እስኪፈላ እንኳ ሳይቆዩ፣ ቤቱ በሙሉ ፈርሶ እንደገና መሠራት እንዳለበት ወስነው የዋጋ ማቅረቢያ አስይዘውን ሄዱ። ሲሚንቶ ከገበያ ጠፍቶ በየጓሮው በውድ ዋጋ በሚሸጥበት በዚያ ወቅት፣ አንዲት አሮጊት የሟች ባሏን ቤት አፍርሺ ስትባል ምን እንደሚሰማት አንባቢ ይፍረድ።

በዚህ መሃል እናቴ የሊጥ ባልዲ ይዛ ስትገባ በተነሣው የበሩ ጠርዝ ተደናቅፋ ወደቀች። አጥንቷ ባይሰበርም ጉልበቷ ክፉኛ ተጎድቶ፣ ከዚያ ወዲህ ቤተ ክርስቲያን የምትሳለመው ምርኩዝ ይዛ ነው። እኔም ከዚያ ቀን በኋላ የወለሉ ጉዳይ የቡናና የእህል ጉዳይ ብቻ አልሆነልኝም።

እኚህን ግንበኛ ያገኘናቸው በሂርማታ ገበያ ጆንያ በሚሸጥልን ሰው ጥቆማ ነው። የመጡት በጥቅምት መጨረሻ፣ መሬቱ ገና ውሃ እንደያዘ ነበር። ዕድሜያቸው ወደ ስልሳዎቹ የሚጠጋ፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ፣ ከአንዲት የጨርቅ ቦርሳ በቀር ምንም ያልያዙ ሰው ናቸው። በሩ ላይ ጫማቸውን አወለቁና በባዶ እግራቸው ከጥግ እስከ ጥግ ቀስ ብለው ተራመዱ። ከዚያ ወደ እኔ ሳይሆን ወደ እናቴ ዞረው፣ «ሃርሜ (በኦሮምኛ እናቴ ማለት ነው)፣ ዝናብ ሲመጣ መጀመሪያ የሚረጥበው የትኛው ጥግ ነው?» ብለው ጠየቋት። ያ ሁሉ ባለሙያ ሲመላለስ ይህን የጠየቃት አንድም ሰው አልነበረም፤ ቀኑን ሙሉ እዚያ የምትውለው ግን እሷ ናት። እናቴ በምርኩዟ እየጠቆመች፣ ኦሮምኛውንም አማርኛውንም እያቀላቀለች፣ የዓመታት ብሶቷን ዘረገፈችላቸው፤ እሳቸውም አንዴም ሳያቋርጡ ሰሟት።

ቀጥለው ከቦርሳቸው ንጹሕ ላስቲክ አውጥተው በመቀስ አራት ማዕዘን አድርገው ቆረጡ፤ ወለሉን በጨርቅ ጠርገው ላስቲኩን አነጠፉበትና ዙሪያውን በማሸጊያ ስኮች አንዲት ቀዳዳ ሳያስቀሩ ለጠፉት። «እስከ ነገ ማንም እንዳይነካው» አሉና ሄዱ። ቀለም ቀቢውን ያስታወሰችው እናቴ፣ ይህም ሰው ላስቲክ ሊሸጥልን ይሆን እንዴ ብላ ጠርጥራ ነበር። በማግስቱ ተመልሰው እኔንም እናቴንም አጠገባቸው አስቀመጡና ስኮቹን ከአንድ ጥግ ቀስ እያሉ አነሡት። የላስቲኩ የላይኛው ገጽ ደረቅ ነው፤ የታችኛው ገጽ ግን ጠብታ በጠብታ ሆኗል። በጣታቸው ጠረግ አድርገው አሳዩንና፣ «ጠብታው ከላይ ቢሆን ኖሮ የክፍሉ እንፋሎት ነው እላችሁ ነበር። ከሥር ነው፤ ስለዚህ የሚመጣው ከመሬት ነው። ከላይ ምንም ብትቀቡ ገንዘብ መድፋት ነው» አሉን። ለዚያ ሁሉ ምልልስ የምከፍለውን ስጠይቃቸው፣ ገና ምን ሠራሁና ብለው እንቢ አሉ።

ከዚያ ወደ ቤቱ ጀርባ ወሰዱኝ። መሬቱ ከላይ ወደ ሰርቪሱ ያዘነበለ ነው፤ ጣሪያውም በዚያ በኩል አሸንዳ ስላልነበረው የቆርቆሮው ውሃ በሙሉ ግድግዳው ሥር ይወርዳል። «ልጄ፣ ወለሉን የሚያሳምመው እዚህ ያለው ነው፤ የውሃውን መንገድ ሳንቀይር ወለሉን ብንቀይረው አዲሱንም ይበላዋል» አሉኝ። ስለዚህ ሥራው የተጀመረው ከውጭ ነው። ከወለሉ ዝቅ ያለ ቦይ ከጀርባ አስቆፍረው በድንጋይ ሞሉት፤ መውረጃውን እስከ መንገዱ ቦይ አደረሱት፤ አሸንዳም አስገጠሙ። ይህ ካለቀ በኋላ ሌላ ሰው ቢሆን ገንዘቡን ለመጠቅለል በዚያው ወለሉን ያፈስሰው ነበር። እሳቸው ግን መሬቱ ይንጠፍጠፍ፣ በየካቲት እመለሳለሁ ብለው ወደ ሌላ ሥራ ሄዱ። ቀብድ ልስጥ ብላቸው እንኳ አልተቀበሉም፤ ባልተጀመረ ሥራ ገንዘብ መያዝ እንደማይወዱ ነገሩኝ። ከቀድሞው ሰው በኋላ ይህን ቃል መስማት ለጆሮዬ እንግዳ ነበር።

እንዳሉትም በየካቲት ሁለት ወጣቶችን አስከትለው መጡ። ላስቲኩን እንደገና ዘርግተው ካዩ በኋላ ነው ዶማ ያስነሡት። የሰረገውን በሙሉ አፈረሱ፤ ከሥሩ የወጣው አፈር ጥቁር መረሬ ነበር። ይህ አፈር በክረምት ውሃ ጠጥቶ እንደሚያብጥ፣ በበጋ ደርቆ እንደሚሰነጠቅ፣ ወለላችንን ሲያነሣና ሲጥል የኖረውም እሱ እንደሆነ አስረዱን። እሱ ወጥቶ በምትኩ ገረጋንቲና ድንጋይ ገብቶ ተጠቀጠቀ፤ በላዩ ወፍራም ላስቲክ ተነጠፈ፤ ከዚያ በኋላ ኮንክሪቱ ፈሰሰ። ስለ ውፍረቱ፣ ስለ ድብልቁና ስለ ቀረው የሙያ ጉዳይ ማብራሪያውን ለእሳቸው እተዋለሁ። እኔ የማውቀው ዕቃውን ሁሉ በጽሑፍ ዘርዝረው እኔው ራሴ እንድገዛ ማድረጋቸውንና፣ የተረፈውንም ሲሚንቶ ሱቁ እንዲመልስልኝ አስቀድመው መነጋገራቸውን ነው።

ልኩን ሲያወጡ ማየት ለብቻው ደስ ይላል። በቀጭን ብርሃን አስተላላፊ ቱቦ ውሃ ሞልተው አንዱን ጫፍ በአንዱ ጥግ፣ ሌላውን በሌላው ጥግ ይይዙና የውሃውን ከፍታ እያዩ ግድግዳው ላይ ምልክት ያደርጋሉ፤ ከዚያ ሲባጎ ይወጥራሉ። በአንድ ጥግ ልዩነት ሲያገኙ ወጣቱ ሠራተኛ፣ «ይሄ እኮ በዓይን አይታይም» አላቸው። «ውሃ ያየዋል» ብለው መልሰው አስለኩት። ሳይቆጡ፣ ድምፃቸውን ሳያሰሙ። እንደዚህ ዓይነት አለቃ የሚያሠለጥናቸው ልጆች ነገ ጥሩ ባለሙያ እንደሚሆኑ አልጠራጠርም።

አሁን ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ወዳስገደደኝ ነገር ልምጣ። ኮንክሪቱ ከመፍሰሱ በፊት በነበረው ጠዋት እናቴን አስጠሩና፣ «ሃርሜ፣ እስቲ እንደ ወትሮዎ ይግቡ፤ እኔ እንደሌለሁ ቁጠሩኝ» አሏት። እናቴ ግራ ገብቷት በምርኩዟ እየተደገፈች ወደ በሩ ተጠጋች። እሳቸው ከመዝጊያው ጎን ቁጢጥ ብለው የሚያዩት እግሯን ብቻ ነበር። የተጎዳውን እግሯን ስታነሣ አንዲት የተሰበረች ጣውላ ከመሬቱ አቁመው እስከ ጫማዋ ሥር ለኩና በሚስማር ጫሩባት። ሌላውንም እግሯን አስነሥተው ለኩ። «በቃ፤ ይግቡ እናቴ» ብለው ጣውላዋን ሸሚዝ ኪሳቸው ውስጥ ከተቱ። ነገሩ የገባን በሩ ተሠርቶ ሲያልቅ ነው። ያ ሁሉ ሰው የተደናቀፈበት ጠርዝ ጠፍቶ፣ ከውጭ ወደ ውስጥ ለምርኩዝ የሚመች ቀለል ያለ ዘንበል ያለ መግቢያ ሆኗል። ሊሾው ገና ሳይደርቅ ደግሞ በመግቢያው ላይ መጥረጊያ በአግድም እየጎተቱ ቀጫጭን መሥመር አወጡበት፤ የለሰለሰ ሲሚንቶ በእርጥብ ጫማ ስለሚያንሸራትት ነው አሉን። ይህን ማንም አላዘዛቸውም፤ በተስማማንበት ዋጋ ውስጥም አልነበረም፤ ሒሳብ ስንተሳሰብም አላነሡትም። እናቴ ግን ያን ቀን የመረቀቻቸው ምርቃት ለእኔ ለልጇም ደርሶኝ አያውቅም።

ወቅቱ ዐቢይ ጾም ስለነበር የምሳ ጉዳይ ማንንም አላስጨነቀም፤ እናቴ የሠራችውን ሽሮና ጎመን ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አንድ ትሪ ከበን በላን። ሥራው ካለቀ በኋላም የሚደረገውን ሳይነግሩን አልሄዱም። ወለሉ ላይ እርጥብ ጆንያ አልብሰን ጠዋትና ማታ ውሃ እንድናጠጣው፣ ሲሚንቶ ዋናውን ጥንካሬውን የሚይዘው በ28 ቀን ውስጥ ስለሆነ ከዚያ በፊት ከባድ ጭነት እንዳናሳርፍበት አደራ አሉን። እናቴ ውሃ የማጠጣቱን ሥራ ለማንም አላስነካችም።

ነሐሴ ላይ፣ ለቀናት የዘነበው ዝናብ ባባራበት አንድ ከሰዓት፣ ማንም ሳይጠራቸው በራችንን አንኳኩ። በሰፈራችን ሲያልፉ ወለሉን ሳላየው አልሄድም ብለው ነው። መጀመሪያ ወደ ጀርባ ዞረው ቦዩ ውሃውን እየወሰደ መሆኑን አዩ፤ ቅጠል የዘጋውን አንድ ቦታ በእጃቸው ጠረጉ፤ ከዚያ ገብተው ያንኑ ላስቲክ ለጠፉ። በማግስቱ ስናነሣው ከሥሩ ደረቅ ነበር። በስልክ ስነግራቸው «አልሐምዱሊላህ» አሉና ስለ እናቴ ጉልበት ጠየቁኝ። የጤፉ ጆንያ ዘንድሮ ሥሩ አልጠቆረም። ቡናችንንም ባለፈው ሰሞን አንድ ነጋዴ ከሥር ዘግኖ፣ አሽትቶ፣ ዋጋ ጠርቶልናል፤ ዋጋው አነሰ ብላ የተከራከረችው በዚህ ጊዜ እናቴ ናት።

እውነቱን ለመናገር እሳቸው ለቸኮለ ሰው አይሆኑም። ርካሽ ዋጋ ፈላጊም ከእሳቸው ያነሰ የሚጠይቅ ሊያገኝ ይችላል። ዓርብ አይሠሩም፤ በክረምትም ኮንክሪት ለማፍሰስ ፈቃደኛ አይደሉም፤ አንድ ሥራ ሳይጨርሱም ሌላ አይጀምሩም። ነገር ግን እባካችሁ፣ ወለላችሁ የሚያልብ፣ ሊሾአችሁ የሚላቀቅ፣ ግድግዳችሁ ከሥር የሚሻግት ከሆነ፣ ሌላ ባልዲ ቀለም ከመግዛታችሁ በፊት እሳቸውን አሳዩ። በተለይ አረጋውያን ያሉባችሁ ቤቶች፣ እባካችሁ እሳቸውን ጥሩ። ቡና የምታከማቹ የማናና የጎማ ገበሬዎችም ብትሆኑ፣ ሥራው ከቤታችሁ ድረስ የሚያስኬድ ከሆነ ከከተማ ወጥተው እንደሚሠሩ ነግረውኛል።

ስማቸውንና ስልካቸውን እዚህ ያልጻፍኩት ራሳቸው ስላልፈቀዱልኝ ነው፤ ደዋዩ ከበዛ ሰው ማስቀየም ይሆንብኛል ብለዋል። ለሚፈልግ ሁሉ በውስጥ መስመር እሰጣለሁ። ስትጽፉልኝ ሰፈራችሁንና ወለሉ የሚረጥበው በየትኛው ወር እንደሆነ ጨምሩበት፤ መጀመሪያ የሚጠይቋችሁ እሱን ነውና። የሚመቻቸው ጊዜ መሬቱ እርጥብ ሳለ፣ ማለትም ከመስከረም አጋማሽ እስከ ጥቅምት መጨረሻ መጥተው ማየት ስለሆነ፣ አሁኑኑ ብትደውሉ መልካም ነው። ከመግሪብ በኋላ ስልክ አያነሡም።